ለዓሦቹ የሚቀር ውሃ

«ቀነሰ እኮ!» አለች ዙምራ፣ የድልድዩን መደገፊያ ይዛ ወደ ወንዙ አጎንብሳ። «ዳሚር! ና እየው፣ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ቀንሷል?»

ዳሚር የመኪናውን በር ሳይዘጋ ሮጦ አጠገቧ ቆመ። ዳር ዳሩን ያሉት ድንጋዮች ወገባቸው ድረስ ረጥበዋል፤ ውሃው ግን እግራቸው ሥር ወርዷል።

«ቀንሷል፣ አክስቴ። ላይ ያለውን የግድቡን በር ዘግተውታል። ውሃው ወደ መብራት ማመንጫው ቧንቧ እየገባ ነው።»

የሟች እህቷ ልጅ ነው። ዋና ከተማው ሳራዬቮ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ የመብራት ኃይል ጉዳይ ላይ ይሠራል። ዛሬ ሳይነግራት ለምን በጠዋት እንደመጣ ከፊቱ አውቃዋለች፤ ብቻዋን እንዳታየው ብሎ ነው።

ከዓመት በላይ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ እዚህ ድልድይ ላይ ተቀምጠው ወንዙን በቧንቧ ጠልፎ መብራት ሊያመነጭ የመጣውን ኩባንያ ማሽን አናሳልፍም ብለው ነበር። ፖሊስ ጎትቶ ሲያወርዳቸው በሌላው በኩል ዞረው ይመለሳሉ። ኋላ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ፈረደ። ከዚያ ልጆቻቸው በቧንቧው ቁፋሮ ላይ ሥራ አገኙ፤ ልጇ ማሽኑ ላይ የተቀመጠባት እናት እንዴት ከማሽኑ ፊት ትቀመጥ? አንድ በአንድ ቤታቸው ቀሩ። ዙምራ ማንንም አልተቀየመችም። ከድልድዩ ላይ ወንበሯን ግን አላነሳችም።

በጨርቅ የተጠቀለለውን ፒታ፣ በስስ ሊጥ የተጋገረ ድንች፣ ፈታ ቆርሳ ሰጠችው። ይዞት ቆመ።

«ብላ እንጂ። ለቅሶ ቤትም ይበላል።»

«አይወርድልኝም።»

«የፈረማችሁት ይሄንን ነው?»

«እኔ አልፈረምኩም። ሕጉን ከጻፉት አንዱ ግን ነኝ።» ፒታውን መደገፊያው ላይ አስቀመጠ። «የአውሮፓ ኅብረት ጎረቤታችን ነው፣ አክስቴ። መብራት ልንገበያይ ከፈለግን፣ አንድ ቀንም ደጃፋቸውን አልፈን ልንገባ ካሰብን፣ ከምንጠቀመው ኃይል ይህን ያህሉ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ይሁን አሉን። ምክር አይደለም፤ ግዴታ ነው፣ ቀን የተቆረጠለት። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። አባቴን እያሰብኩ።»

አባቱ ታች ከተማው፣ በድንጋይ ከሰል ከሚሠራው የመብራት ማመንጫ ሥር ኖሮ፣ እያሳለ ነው የሞተው። በመጨረሻው ክረምት ጀርባውን ይዛ ቀና ታደርገው የነበረችው ዙምራ ናት።

«ጢሱ እንደገደለው እኔ አጥቼው ነው?» አለች። «ታዲያ ጢሱ ቆመ?»

«አልቆመም።»

«ይሄ ቧንቧ ሲሠራስ ይቆማል?»

«የዚህ መብራት ትንሽ ነው፣ አክስቴ። ከሰሉን አይተካውም።» ዓይኑን ከውሃው አላነሳም። «የነፋስ ማመንጫ ለመትከል ዓመታት ይፈልጋል። ቀኑ ደረሰብን። ወንዙ ደግሞ ቅርብ ነበር።»

«አዎ። በሬው ሩቅ ሲሆን ደጅ ያለው በግ ይታረዳል።»

ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ሁሉንም አይወስዱም» አለ ቶሎ ብሎ። «ሕጉ ለዓሦቹ የሚበቃ ውሃ ይተዋል። አንቀጹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ይጠብቁ፣ ያዩታል።»

ጠበቁ። ዙምራ ወንበሯ ላይ፣ እሱ ቆሞ። ወንዙ መጀመሪያ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀጥሎ በድንጋዮቹ መሃል የሚሽሎከለክ ቀጭን መስመር ሆነ። ከዚያ መስመሩም ተቆራረጠና ኩሬ ኩሬ ብቻ ቀረ።

ዳሚር የግድቡ በር ላይ ላለው ሠራተኛ ደወለ። የሰውየው ድምፅ እስከ ዙምራ ይሰማል። «ለዓሦቹ ውሃ የሚለቀው ማሳለፊያ በጠጠር ተደፍኗል ጌታዬ። ነገ ከነገ ወዲያ እናየዋለን።»

ሳራዬቮ ላለ ባልደረባው ደወለ።

«አብደሃል እንዴ?» አለው ያኛው። «ዛሬ እኮ የማመንጫው ምረቃ ነው። እንግዶቹ እዚያው ናቸው። በእንግዳ ፊት ማን ደፍሮ በሩን ክፈቱ ይላል?»

«ሕጉ...»

«ሕጉን ሰኞ እናወራዋለን፣ ወንድሜ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ጫማውን ሳያወልቅ፣ በጎን ባለው መውረጃ ወደ ወንዙ ገባ። ነጠብጣባሞቹ ዓሦች ጭቃው ላይ እየተንፈራገጡ ነው። አንዱን ያዘ፤ አመለጠው። በሁለት እጁ ጨብጦ አነሳውና ዙሪያውን ቃኘ። ውሃው ከቧንቧው ወጥቶ ወደ ወንዙ የሚመለሰው ከጋራው ማዶ ነው፤ ዓሣ ይዞ አይደረስበትም። ጥልቅ የሚመስለውን ኩሬ መርጦ ከተተው። ተመልሶ ሌላ ያዘ። ዙምራም ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ኩሬው ከሰዓት በኋላ እንደሚሞቅ፣ በማግስቱም እንደሚደርቅ ሁለቱም እያወቁ፣ ሳይነጋገሩ ሲለቅሙ ቆዩ።

ሲደክማት መሃል ወንዙ ላይ ባለ ድንጋይ ተቀመጠች። በዕድሜዋ አይታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ውሃ ሥር የነበረ ድንጋይ ነው።

«ዳሚር!» ብላ ጠራችው፤ «በቃ፣ ተው የኔ ልጅ!»

የገዛ ድምፅዋ ከወዲያኛው ገደል ጋር ተላትሞ ተመልሶ መጣባት። ደነገጠች። እሱም ሦስት እርምጃ ያህል ብቻ ርቆ፣ በድንጋጤ ቀና ብሎ ያያታል። ቁጣ መስሎታል።

አልተቆጣችም። በዚህ ሸለቆ ሰው ሁሉ የሚናገረው እንዲህ እየጮኸ ነው፤ እናቷም፣ ባሏም፣ እሷም፣ ከወንዙ ጩኸት በላይ ለመሰማት። አሁን ወንዙ አይሰማም፤ እሷ ግን ሌላ አነጋገር አታውቅም።

ከንፈሯን አራሰችና፣ ሰው በተኛበት ቤት እንደሚደረገው፣ ቀስ ብላ ስሙን እንደገና ለመጥራት ሞከረች።