መሪ የሌለው ማሽን

"መሪው የታለ?!"

አዲሱ የሣር ማጨጃ ላይ ጉብ ያለው ሰውዬ እጁን ወደፊት ቢዘረጋ... ባዶ!

ዙሪያውን ከቆሙት ሠራተኞች ሳቁን መያዝ የቻለ የለም።

ሰውዬው የሆስፒታሉ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት የሠራተኛ ሰርቪስ ሲነዳ ኩርባ ላይ ስለሚበር "ፎርሙላ" የሚል ስም ወጥቶለታል።

አውቶብሱ አርጅቶ ከቆመ ወዲህ ግን... ስድስት ወር ሙሉ ከጥበቃዎች ጋር ወንበር ሲያሞቅ ነው የከረመው።

ይህን ማሽን ካላገኘ ንብረት ክፍል ገብቶ ካርቶን ሊደረድር ነው። እሱ ደግሞ የሞተር ድምፅ ሳይሰማ ከዋለ እህል አይወርድለትም!

ተፎካካሪው አትክልተኛዋ ናት። "እታለም" ይሏታል። አሥራ አራት ዓመት ያንን ሰፊ ሜዳ በእጅ በሚገፋ ማሽን ስታጭድ ጉልበቷን ጨርሳበታለች።

ዳይሬክተሩ ፈረዱ።

"ሐሙስ ሜዳውን እኩል ተካፍላችሁ እጨዱ። ሰኞ መጥቼ አያለሁ። ቶሎም አሳምሮም የሠራ... ማሽኑ የሱ ነው።"

ይህ ማሽን እንደ መኪና አይደለም። የሚነዳው በሁለት እጀታ ነው። ሁለቱንም ስትገፋ ወደፊት፣ ሁለቱንም ስትስብ ወደኋላ። አንዱን ብቻ ስትገፋ ደግሞ... ባለበት እንደ እንዝርት ይሾራል!

ፎርሙላ ይህቺን ሲያገኝ አበደ።

ሜዳው ጫፍ ሲደርስ ቀጥ... ሽር! ቀጥ... ሽር!

ጭብጨባው ቀለጠ። ነርሶቹ ሳይቀሩ በመስኮት ብቅ ብለው አጨበጨቡለት።

እሱም እጅ ሊነሳ ከወንበሩ ብድግ ሲል... ሞተሩ ጸጥ! ለካ ነጂው ከወንበሩ ሲነሳ ራሱን የሚያጠፋ ማሽን ነው።

"ጉራህን መሸከም አቅቶት ነው!" አለች እታለም ከጥላው ስር።

ያም ሆኖ በአርባ ደቂቃ ጨረሰ።

ተራዋ ሲደርስ እታለም... ወንበሩ ላይ አልወጣችም።

መጀመሪያ መመሪያውን አውጥታ አነበበች። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አቁማ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ዘይቱን ለካች።

የጎማዎቹን ንፋስ አየች። አንዱ ጎማ ከጎደለ ሣሩ ወጣ ገባ ሆኖ ይታጨዳላ!

ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከከተተች በኋላ፣ ቢላው ዙሪያ የተጠቀጠቀውን እርጥብ ሣር በእንጨት ፋቀች።

"እታለም፣ ልታጭጂበት ነው ወይስ ልትድሪው?" አለ ፎርሙላ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብላው ሥራዋን ቀጠለች።

ስታዞርም እንደሱ አይደለም። ሰፋ አድርጋ፣ ሁለቱም ጎማ እየተንከባለለ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት።

ፎርሙላ ማሽኑን በልቡ ወረሰው። ለሚስቱም ደውሎ "አገኘሁት በይ" አላት።

ዓርብ ከሰዓት ደረቱን ነፍቶ ሜዳውን ሊጎበኝ ወጣ...

ክው አለ።

በሱ ግማሽ፣ ሽር ባለበት ቦታ ሁሉ... ክብ ክብ መላጣ! ለካ ማሽኑ ባለበት ሲዞር የቆመው ጎማ ሣሩን እየፈተገ ከነሥሩ ነቅሎታል።

ቆጠራቸው። ዘጠኝ ናቸው።

ቅዳሜና እሁድ ከቤት አልወጣም። ሚስቱ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ራሴን አሞኛል" እያለ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ሰኞ ጠዋት እግሩን እየጎተተ መጣ። ዳይሬክተሩ ሜዳው መሀል አጎንብሰው ሣሩን ያያሉ።

"ጎበዝ!" አሉት። "የሁለታችሁም ሥራ እንከን የለውም። አንተ ግን ከሷ ቀድመህ ጨርሰሃል... ማሽኑ ያንተ ነው!"

ፎርሙላ ዓይኑን ማመን አቃተው። አንድም መላጣ የለም!

"በቃ... ፈጣሪ ይወደኛል" አለ በልቡ።

ማሽኑን ሊያቆም ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሲሄድ ግን፣ እታለም የሣር ችግኝ ከምታፈላበት መደብ ላይ ሣር ከነአፈሩ ተቆርጦ ተነስቷል። ዘጠኝ ቦታ።

"ይሄን ማን ነው የቆረጠው?" ብሎ ጥበቃውን ጠየቀው።

"እታለም ናታ! ቅዳሜም እሁድም ያንተን ጉድ ስትለጥፍ፣ ውሃ ስታጠጣ ዋለች። አንተ የት ጠፍተህ ነው?"

ፎርሙላ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሮጦ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ማሽኑ የእሷ ነው" አለ።

እታለም ተጠራች።

"እርስዎን አስቀይሜ..." ብሎ ሲጀምር አቋረጠችው።

"ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆንኩ? ኧረ አታስረጀኝ!"

"ተፎካካሪሽ ነበርኩ'ኮ... ለምን አዳንሽኝ?" አለ፣ እንባው ቀርቦ።

እታለም ከት ብላ ሳቀች።

"አንተን? ማን አንተን አሰበህ! እኔ ያዘንኩት ለሣሩ ነው። ባንተ ጉራ እሱ ምን በወጣው መላጣ ይሁን?"

ዳይሬክተሩ እየሳቁ ቁልፉን ሰጧት። እሷ ግን ወደ ፎርሙላ ጣቷን ቀሰረች።

"ጉልበቴ ማሽን ስር ማጎንበስ አልቻለም፤ እሱን ረዳት ስጡኝ።"

አሁን ፎርሙላ ጠዋት ጠዋት ዘይት ይለካል፣ ጎማ ይነፋል፣ ግሪስ ይቀባል። ከሰዓት ደግሞ እሱ ይነዳል... እሷ ጥላ ስር ቁጭ ብላ "ሰፋ አድርገህ አዙር!" ትለዋለች።

ወዳጆቼ... ጭብጨባ በዕለቱ ያልቃል፣ ጥፋት ግን በማግስቱ ይታያል። ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ደግሞ የተፎካካሪውን ጥፋት እንኳ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

እኔ አድሚናችሁ ግን አልዋሽም... ያን ዘጠኝ መላጣ ባይ መጀመሪያ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ነበር የማነሳው።

እናንተስ? በእታለም ቦታ ብትሆኑ ሣሩን ትለጥፉ ነበር... ወይስ ሰኞን ትጠብቁ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ 👇