ታፔላው

ዶክተሩ መሰላሉ ላይ እንደቆመ የመጨረሻዋን ሚስማር መታና ታፔላው ቀጥ ማለቱን አየ። ቢሮ ለቢሮ ደጅ ጠንቶ ያስከፈተው ክሊኒክ ነው፤ የሚሌኒየሙ ባንዲራ ገና ባልወረደበት በር ላይ የሰቀለውም ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የሚወጣው ሁሉ እንዲያየው ብሎ ነበር። የልጃቸውን እጅ የያዙ ሴት ከሥር ቆመው፣ «ምን ይላል ልጄ?» አሉት። ደስ ብሎት ጮክ አድርጎ አነበበላቸው፤ «በዘር የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ልዩ ክሊኒክ።»

ገበያተኛው ዞር ዞር እያለ አየ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ገፈው ዓይኗ ቢጫ የሆነችውን ልጃቸውን ከነፊቷ ሸፈኗት። «ምን በደልንህ? የታጨች ልጅ ናት። የሙሽራው ወገን ዘር ማንዘሯን እያስጠየቀ አንተ ገበያ መሀል ‹በዘር› ትላለህ?»

«በሽታ እንጂ ነውር አይደለም እኮ፣ እማማ» ሊላቸው አፉን ከፈተና ተወው። መዶሻውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በጓሮ በኩል በር አለ፣ እማማ» አለ። «የታጨችው እህቴም ጧት በዚያው ነው የገባች።»