የኦቦ ሙለታ ጭረት

ቢፍቱ እንደገና የኮምፒውተሩን ቁልፍ ትጫናለች። 211፣ 212፣ 213... ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል።

«አሁንም እሱ ላይ?» ይላል የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዱጉማ፣ ከጀርባዋ ቆሞ። ስምንት ሰዓት ላይ በእንግዶች ፊት ሁለት መቶ ሠላሳ የይዞታ ማረጋገጫ መታደል አለበት። ሪፖርቱ እንኳ ትናንት «ታድሏል» ብሎ ሄዷል።

«አንድ ሰው ነው። ሰርዢውና እለፊ!»

«መሬታቸውስ፣ ኦቦ ዱጉማ?»

«በሚቀጥለው ዙር ያመልክቱ።»

ወረቀት የሌለው ማሳ በዚሁ ሳምንት ለወጣት ማኅበራት ይከፋፈል የሚለውን ደብዳቤ የፈረመው ግን ራሱ ነው።

214ኛው ሰው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ኦቦ ሙለታ፣ ከጎባ በላይ ገብስ የሚያርሱ። ከማለዳ ጀምሮ ዱላቸውን ከእጅ እጅ ያቀያይራሉ።

ቢፍቱ በየመስመሩ መሀል ምልክት ትተክላለች፤ ፕሮግራሙ ባለፈ ቁጥር በኦሮምኛ «እዚህ ደርሻለሁ» ብሎ እንዲጽፍ። ታስኬደዋለች። መዝገቡን ሲከፍት፣ ደርሻለሁ። ስሙን ሲያነሳ፣ ደርሻለሁ። ስሙን ሲጽፍ፣ ጭጭ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዛሬ እንዳትሄድብኝ! ስሙን ፊደል በፊደል እንዲያወጣላት ታዘዋለች። «ሙል» ብሎ ይቆማል። «አታ» የት ገባ?

«ጭረቷ!» ትላለች። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ በስማቸው መሀል ድምፅ ቆም የሚልባት ሁዻ። ለፕሮግራሙ ጭረት ማለት ስም አለቀ ማለት ነው፤ የተረፈውን «አታ» ትእዛዝ መስሎት ግራ ይጋባል። ስማቸው «የሚታይ» ማለት ነው፤ የማይታዩት እሳቸው ብቻ።

«ታዲያ ንቀያት!» ይጮኻል ዱጉማ።

ቢፍቱ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። «ኦቦ ሙለታ፣ ስምዎ ላይ ያለችውን ሁዻ ባወጣት ቅር ይልዎታል?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በሃምሳ ዓመቴ መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ እሷን እየረሳሁ ስንቴ ተስቆብኛል! አሁን በስንት መከራ ያስቀመጥኳትን?»

ቢፍቱ ስሙን ትታ ፕሮግራሙን ታርማለች፤ ሁዻ ሲያይ ፊደል ናት ብሎ እንዲያልፍ። ለስምንት አሥር ጉዳይ። ትጫናለች። 213። 214። ማተሚያው ያቃስታል።

ዱጉማ ወረቀቱን ላፍ ያደርጋል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

ከስሙ በላይ፣ መንቀል የረሳችው ምልክት፦ «እዚህ ደርሻለሁ»።

ኦቦ ሙለታ በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ወረቀቱን ይቀበሉታል። ጮክ ብለው ያነባሉ።

«እውነት ነው» ይላሉ፤ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ።»

ከዚያ ጥፍራቸው በስማቸው ላይ ቀስ እያለ ይሄድና ጭረቷ ላይ ያርፋል።