የፊት ወንበር

የሙዚቃ ታሪክ መምህሩ ሙዚቃ በከፈቱ ቁጥር ዓይናቸውን የሚተክሉት አንዲት ተማሪ ላይ ነበር።

ልጅቷን ጓደኞቿ «መስታወት» ይሏታል። ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊቷ ላይ ስለሚነበብ ነው። ሙዚቃ ስትሰማ ይብስባታል። ቅንድቧ ይነሳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቶቿ ፒያኖ ያገኙ ይመስል ዴስኩ ላይ ይሮጣሉ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው መምህሩ ከኋላ ረድፍ አስነስተው ፊት ያስቀመጧት ዕለት ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታሽ እዚህ ነው» አሏት።

«ከኋላም ይሰማኛል እኮ፣ መምህር።»

«እኔ አንቺን እንዳይሽ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ለእሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

መምህሩ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እዚያው ኮሌጅ ውስጥ የሸበቱ ሰው ናቸው። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሳይቀር አስተምረዋል። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ ይባላል። አሁን አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሄዱት፤ ከኋላ ሰላም ቢሏቸው ዞር አይሉም። ጥያቄ ያለው ተማሪም በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጣል።

ትምህርቱ ከባድ አይደለም። ሙዚቃ ይከፈታል፣ ተማሪው ዘመኑንና ስልቱን ለይቶ ይጽፋል። ያን ዕለት የተከፈተው ኦርጋን ነበር። አንድ ዜማ ብቻውን ይነሳል፤ ሌላው ተከትሎት ይገባል፤ ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱን ያሳድዳል። የመምህሩ ዓይን ከልጅቷ ጣቶች ወደ ከንፈሯ፣ ከከንፈሯ ወደ ጣቶቿ ይመላለስ ጀመር።

«ፀጉርሽን ከፊትሽ ላይ መልሺው» አሏት በመሃል።

ቶሎ መለሰችው።

ከክፍል ስትወጣ ለመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ድምፃዊት ናት፤ ሹክ ማለት ስለማይሆንላት «ጥሩምባ» ትባላለች።

«ሽማግሌው አብዷል!» አለች ጥሩምባ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«ኧረ ቀስ በይ!»

«ምን ቀስ እላለሁ? የሰው ልጅ ከንፈር ላይ አፍጥጦ ታሪክ የሚያስተምር የት አየሽ?»

«ምናልባት እንዲሁ ይሆናል።»

«እንዲሁ ብሎ ነገር የለም። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።»

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት አብሯት ዋለ፣ አብሯት አደረ። ኮቴ በሰማች ቁጥር ዞር ብላ ታያለች። እህል አልወርድ አላት። እናቷ ስትደውል እንኳ አልተደበቀላትም።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ጉንፋን ነው፣ እማዬ።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይቺን ዓመት ብቻ ነው። ከተመረቅሽ በኋላ እስኪበቃሽ ትተኛለሽ።»

ይቺን ዓመት። ይህን ትምህርት ሳያልፉ መመረቅ የለም፤ ውጤቱ ያለው ደግሞ በእኚያው ሰው እጅ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ረድፍ ሄዳ ከአንድ ትከሻ ሰፊ ልጅ ጀርባ ተወሸቀች። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። መምህሩ የቫዮሊን ሥራ ከፈቱና ወደ ፊት ወንበር ሲያዩ ባዶ ሆነባቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። ረድፉን አንድ በአንድ በዓይናቸው ማሰስ ጀመሩ። ሙዚቃው አለቀ። እሳቸው ግን ማሰሳቸውን አልተዉም። ዝምታው ረዘመ። አንዱ አመለጠውና ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው።

በመጨረሻ አገኟት።

«ሻርፑን ከአፍሽ ላይ አውርጂው!» አሉ። ክፍሉ ደነገጠ፤ እንዲህ ጮክ ብለው ተናግረው አያውቁም። «ስንጨርስ ቢሮዬ ነይ። ብቻሽን።»

ደረጃው ላይ ጥሩምባ ክንዷን ያዘቻት።

«አየሽ? አንቺን ሲፈልግ ሙዚቃው ማለቁን እንኳ አላወቀም። ልቡን ጥሏል ሰውዬው።»

«ካልሄድኩ ይጥሉኛል።»

«ትሄጃለሽ። እኔ ኃላፊውን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። አንዴ ብቻ ጩኺ፣ የቀረውን ለእኛ ተዪው።»

ቢሮው ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በድሮ የሙዚቃ ሸክላዎች ተሞልቷል። ጥጉ ላይ ያለው ፒያኖ አቧራ ጠጥቷል። መምህሩ ብድግ ብለው ተቀበሏትና በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ፈርተሻል» አሉ ፊቷን እያዩ።

አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«እኔም ፈርቻለሁ። ስንት ጊዜ ልነግርሽ አስቤ አፌን ያዘኝ። ዛሬ ከወንበርሽ ላይ ሳጣሽ ግን ያላንቺ እንደማይሆንልኝ ገባኝ።»

«መምህር፣ እባክዎ…»

«በሁለታችን መሃል የሚቀር ነገር ነው። ማንም ማወቅ የለበትም።»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና መጋረጃውን መሳብ ጀመሩ።

መስታወት ጮኸች። ነፍሷ እስኪወጣ ጮኸች። በሩ ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ጥሩምባ ዘላ ገባች፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ተከተላት።

«ምንድን ነው ይሄ?» ሲል አንባረቀ ኃላፊው።

መምህሩ መጋረጃውን እንደያዙ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧቸው ቀሩ።

«ፊቴን ያዞርኩት አፍሬ ነው፣ ልጄ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «ጆሮዬ መስማት ካቆመ ዓመት አለፈው፣ ሙዚቃው የት እንደደረሰ የማውቀው አንቺን እያየሁ ነው፤ አደራሽን፣ ኃላፊው እንዳይሰማ።»