የጋሽ አስራት መዳብ

ጋሽ አስራት ለሽምግልና በሚሄዱበት ቀን ጠዋት መዳብ ተወጉ።

መዳቡ የሽቦና የድስት መዳብ አይደለም። መዳብ-64 ይባላል። በደም ገብቶ በሚያወጣው ጨረር ዕጢ ያለበትን ቦታ ለምርመራው ካሜራ ያሳያል፤ በየአሥራ ሦስት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰም ይጠፋል። መርፌውን ያዘጋጀው ምንያህል ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ሥራው ይኸው ነው። ሽማግሌ የሚላከውም ለእሱ ነው።

"የሆስፒታሉን ቀጠሮ፣ ቴርሚኑን፣ ብተወው ሌላ የማገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው" አሉ ጋሽ አስራት። "ሽምግልናውን ብንተወው ደግሞ የልጅቷ አባት አቶ ተኽለሚካኤል ሁለተኛ አይቀጥሩንም።"

"እንግዲያው ዛሬን ብቻ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ሁለት ሜትር ይራቁ" አላቸው ምንያህል።

ይህንኑ ለሚጠየቅለት ልጅ፣ ለትምኒት፣ ደውሎ ነገራት።

"ስንት ሜትር?" ብላ ጠየቀችና ስልኩን ዘጋች።

ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። ባለፈው ሳምንት የጋበዛትን ዓሣ ሳትነካ ከእራት ተነስታ ሄዳለች። ምንያህል ነገሩን እያገላበጠ ሲያስበው መልሱ አንድ ሆነበት፤ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራለች።

አሥር ሰዓት ላይ ዞሰንሃይም የሚባለው ሰፈር፣ ከነአቶ ተኽለሚካኤል ቤት አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱ ግን ኤርፖርት ሽፍት ገብተው ጋሽ አስራት ብቻቸውን ቀሩ። ጠያቂው ልጅ አብሮ መምጣቱም ነውር ነው። ምንያህል ግን ርቀቱን ይረሱታል ብሎ ስለሰጋ ነውሩን ችሎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። በልቡ አሰላ፤ ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛው ገና አለ።

ጋሽ አስራት በሩ ሥር እንደቆሙ ጉዳያቸውን ተናገሩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና ማንንም አልገረመውም።

"ልጁ ጨዋ ነው ይላሉ" አሉ አቶ ተኽለሚካኤል። "እኔ ሰጥቻለሁ። የቀረው የእሷ ቃል ነው። በሉ ይቀመጡ።"

ጋሽ አስራት ንቅንቅ አላሉም።

"ሰጠሁ እኮ ነው የምልዎት። ወይስ ወንበሬን ናቁት?" የአባትየው ፊት ጠቆረ።

"ኧረ በፍጹም። ጠዋት መዳብ ተወግቼ ነው። ከልጅና ከነፍሰ ጡር ራቅ በል ተብያለሁ። ልጅ ደግሞ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም።"

አቶ ተኽለሚካኤል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኣብርሀት ስድሳ ስምንት። እዚህ ቤት ማን ሊያረግዝልዎት ነው? ይልቅ ይምጡ፣ ከልጅቷ ጎን ተቀምጠው ቃሏን ራስዎ ይቀበሉ።"

እናትየው ኣብርሀትም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ጋሽ አስራት እያፈሩ መጡና ከትምኒት ጎን ያለውን ወንበር ሳብ አደረጉ።

ትምኒት ብድግ አለች።

ሳቁ ተቋረጠ። ምንያህል ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደገፈ። አበቃ፣ አለ በልቡ።

"እሺ ብያለሁ" አለች ትምኒት በቆመችበት።

ከዚያም ወንበሯን አንስታ፣ ወደ መስኮቱ ሁለት ሜትር በእርምጃ ለክታ ተቀመጠች።