የጋሽ ታዬ ፍሪዘር

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» ይላል ጋሽ ታዬ። «እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ውስጣችሁ ምን ይላል?»

የእኔ ውስጥ ይህን ሰውዬ ማን ሊቀመንበር አደረገው ይላል። ዓይኔን አልጨፍንም። ጫማዬ እርጥብ ነው፤ ለጥገና መጣ የተባለው የእሱ ፍሪዘር ኮሪደሩን ዘግቶ ውሃ ያፈሳል። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ስፒከሩ ተከፍቶ ተቀምጧል። ወንድሜ ሀቢሶ ዳቬይተን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ካለው ስፓዛው፣ ከትንሿ ሱቁ ሆኖ፣ ይዝጋ አይዝጋ የሚለውን የኮሚቴውን ውሳኔ ይጠብቃል። ነገ ሰልፍ አለ፣ እንደ እኛ ያለ የውጭ ሰው ሱቅ ይዘረፋል እየተባለ ነው። ወሬው አዲስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ጋሽ ታዬ እንዲህ የሆነው ሳንድተን ሆቴል ውስጥ የአመራር ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ ነው። ሰርተፊኬቱን ዮቪል ያለችው የነጋዴዎች ማኅበራችን ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ ከማኅበሩ ፈቃድ ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። መሪ ማለት ግማሽ ልብ ግማሽ ጭንቅላት ነው ይለናል። ልቡ እሱ ነው። ጭንቅላቱ ላፕቶፕ ታቅፎ አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊያችን ፋንታሁን ነው። ፊት ለፊት ጋሽ ታዬን አንቱ እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን ከአንተም ዝቅ የሚል መጠሪያ ቢኖር በእሱ ነበር የምጠራው።

«የእኔ ልብ ሰላም ነው ይለኛል» ይላል። «ፋንታሁን፣ ዳታው?»

«ፖሊስ ሁኔታው የተረጋጋ ነው ብሏል። ከዳቬይተንም በግሩፑ ላይ የገባ ሪፖርት የለም።»

ከዳቬይተን ሪፖርት የሚልከው ሀቢሶ ነው። እሱ ደግሞ ስልኬ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማል።

«እኔ ግን አልወደድኩትም» ይላል ሀቢሶ።

«ምኑን?»

«እንጃ ጋሼ። ዛሬ ሎኬሽኑ፣ ሰፈሩ ሁሉ፣ ልክ አይደለም። ደስ አላለኝም።»

ጋሽ ታዬ ዓይኑን ይገልጣል። «ደስ አላለኝም ማስረጃ አይሆንም፣ ወንድሜ።»

የውስጡን ድምፅ ለመስማት ከፍሎ የተማረ ሰው፣ ድምፁ ከሌላ ሰው ውስጥ ሲመጣ ማስረጃ ይጠይቃል። ንቀቴ ፊቴ ላይ እየታየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይታይ።

እውነቱን ለመናገር ሀቢሶም ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ የሚደውል ሰው ነው። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እናታችን ደግሞ ሆሳዕና ሆና እሱን ነው የምትጠብቀው። ባለፈው ዓመት በከንቱ ደንግጦ ሱቁን ዘግቶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። አሁን ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ቢዘጋ ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ ብቻውን ዕቃ ገዝቶ መነገድ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ ይጠብቃል። የሚያድረውም እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ሰልፉ እውነት ከሆነ ከመደርደሪያው ጀርባ ያገኙታል።

«ሀቢሶ፣ ዛሬ ማን መጣ?» እለዋለሁ።

«እንደ ወትሮው ነው፣ ኤርጎጌ። ሁሉም መጣ።»

«ምን ገዙ?»

«መግዛት እንኳን ብዙም አልገዙም። ዕቃቸውን ነው የወሰዱት። ኳስ ተጫዋቾቹ ማልያቸውን ወሰዱ፣ የመዘምራኑ ሴትዮ ከበሮዋን። አንተ ጋ ይቀመጥ ብለውኝ የነበረውን።»

«ጎጎስ?» ጎጎ ከሱቁ ጀርባ የምትኖረው አሮጊት አከራዩ ናት።

«እሷም የስኳር መርፌዋን ከፍሪጄ አወጣች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።»

«ቤቷ መብራት መጣ እንዴ?»

«የት ይመጣል። እኔም ፍሪጁን የማሠራው በባትሪ ነው።»

መብራት የሌላት አሮጊት መድኃኒቷን ከቅዝቃዜ አውጥታ ሙቀት ውስጥ የምታስቀምጠው፣ ፍሪጁ ነገ እንደማይኖር ብታውቅ ነው። የወንድሜ ሆድ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው። እኔም እስካሁን አልጠየቅኩትም።

«የማኅበሩን መኪና ስጡኝ» እላለሁ። «ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ፋንታሁን የላፕቶፑን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ያያል፤ የመርፌውን ወሬ የሚያስገባበት ቦታ አላገኘም። ጋሽ ታዬ ጠረጴዛው ላይ ያለው የመኪናው ቁልፍ ላይ መዳፉን ይጭናል። «አንዱ ከዘጋ ሁሉም ይዘጋል። መሪ አይደናገጥም። መኪናውም ለማኅበር ሥራ ካልሆነ አይወጣም።»

እርጥብ ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼ ቀዝቅዘዋል።

«ጋሽ ታዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ፍሪዘር ከዳቬይተኑ ሱቅዎ ነው የመጣው?»

«አዎ። ተበላሽቶ ነው አልኩ እኮ።»

«የተበላሸ ፍሪዘር የሚቀልጥ በረዶ ከየት አመጣ?»

ፋንታሁን ቀና ሳይል ይመልሳል፤ «ዛሬ ጠዋት በማኅበሩ መኪና ነው የመጣው። መዝግቤዋለሁ።»

ጋሽ ታዬ ሰርተፊኬቱን ያያል፣ ከዚያ እጁን። «እንጃ» ይላል በመጨረሻ። «ጠዋት ስነሣ ልቤ አውጣው አውጣው አለኝ።»

አምነዋለሁ። ዋሽቶ ቢሆን በስንት ጣዕሙ።

«ምሕረቱስ?» እለዋለሁ። ምሕረቱ ጋሽ ታዬ በዚያ ሱቅ ቀጥሮ የሚያሠራው ሰው ነው።

«ምሕረቱማ ሱቅ ነው ያለው።»

ይህን ከተናገረ በኋላ መዳፉ ከቁልፉ ላይ ይነሣል። ቁልፉን እወስዳለሁ።

«ዝጋ» እላለሁ ስልኩን እያነሣሁ። «ለምሕረቱም ደውልለት፣ እሱም ይዝጋ። መጣሁ።»

«ኮሚቴው ፈቀደ?» ይላል ወንድሜ።

ስልኩን ዘግቼ እወጣለሁ። ኮሪደሩ ላይ ፍሪዘሩን ታክኬ አልፋለሁ። መንገድ ላይ እንዳይጫር በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ ገመዱም ሁለት ጊዜ ዞሮ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።