የቱ ይጥፋ?

በዚያ ዘመን ሰው የሚያስታውሰው ከጆሮው ጀርባ የተተከለችው ማኅደር የያዘችለትን ብቻ ነበር። “ያዥ” ሲላት “ያዝኩ” ወይም “አልቻልኩም” ብላ ሹክ ትለዋለች፤ ዋሽታ አታውቅም።

የድሬዳዋው ላቀው አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሕፃን ልጁ ብሌን ከእናቷ ከትርሲት ጉልበት ተነስታ፣ እየተንገዳገደች በእግሯ መጣችለት። ከዚያ በፊት ቆማ ሄዳ አታውቅም። አቅፎ እየሳማት “ያዥ!” አለ።

“አልቻልኩም፤ ሞልቻለሁ። የቱ ይጥፋ?” አለችው ማኅደሩ።

ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። ከዚያም በጉርምስናው ለሰፈሩ ቡድን ያገባትን፣ አገር ያስጨፈረችውን ጎል ሰጣት።

“ያዝኩ” አለችው።

እራት ላይ ትርሲት ልታሾፍበት ብላ “ዛሬስ ያቺን ጎልህን አታወራልንም?” አለችው።

“የምን ጎል?” አላት ግራ ተጋብቶ።

ትርሲት ነገሩ ገባት። እጁን ያዘችና ኳሷን ከመሐል ሜዳ ከነጠቀበት ጀምራ ሁሉንም ነገረችው። እሱም የሌላ ሰው ጀብዱ እንደሚሰማ ሰው አፉን ከፍቶ አዳመጣት።

“ጎበዝ ነው ልጁ! አንቺስ የት ሆነሽ አየሽው?”

“አጥሩ ላይ” አለች፣ እንባዋ እየመጣ፣ እየሳቀችም። “የወደድኩህ እኮ ያኔ ነው።”